መኪናው ሲታጠፍ የሚያሰማው ድምፅ ምን ይነግረናል?

በ2009 ዓ.ም. በኅዳር ወር፣ በአንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ አንድ ሳምንት የፈጀውን የመስክ ልምምድ ጨርሰን ከሸዋ ሮቢት አካባቢ ወደ አዲስ አበባ በመመለስ ላይ ነበርን። በፋኩልቲው ደብል ጋቢና ፒካፕ ውስጥ የተሳፈርነው አምስት ሰዎች ነን፤ ሾፌሩ፣ ሦስት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎችና የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የሆንነው እኛ። ከኋላ የመሬት ስበት መለኪያ መሣሪያችን፣ ድንኳኖቻችንና የውሃ ጀሪካኖች ተጭነዋል። መንገዱ ሜዳማ ስለሆነ መኪናው በሰዓት ከ50 እስከ 60 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ወደ ግራ የሚታጠፍ ረዘም ያለ ኩርባ ላይ ስንደርስ ከፊት በኩል፣ ከወለሉ ሥር፣ «ውውውው» የሚል የታፈነ ድምፅ ተሰማ። ኩርባው ሲያልቅ ድምፁም ጠፋ። በተከታዩ የቀኝ ኩርባ ላይ ምንም አልነበረም። ከዚያ በኋላ በመጣው የግራ ኩርባ ላይ ግን ተመልሶ መጣ።

ተማሪዎቹ ፊታቸውን ወደ እኛ አዞሩ። እኛም ብዙ ሳናስብ «ጎማው ነው፤ ጥርሱ እኩል ስላልተበላ ነው የሚጮኸው፤ አዲስ አበባ ስንደርስ ይታያል» ብለን መለስን። እነርሱም ራሳቸውን ነቅንቀው ተቀበሉን። በቃላችን ያልረኩት ሾፌራችን ብቻ ነበሩ። ከሠላሳ ዓመት በላይ መሪ የጨበጡት፣ ተማሪዎች ሁሉ «ጋሼ» እያሉ የሚጠሯቸው እኚህ ሰው ፍጥነታቸውን ቀንሰው መኪናውን ከአንድ የግራር ጥላ ሥር አቆሙና፣ «ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ገና በደንብ አልሰማነውም» አሉን።

ነገሩ ቀላል አልነበረም። ከፊታችን የሚጠብቀን የጣርማበር ዳገት ነው። መንገዱ ከባሕር ወለል በላይ 1300 ሜትር ገደማ ከሆነው ሜዳ ተነሥቶ፣ በደብረ ሲና በኩል እየተጠማዘዘ፣ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ወዳለው ዋሻ ይወጣል። ኩርባው ብዙ ነው፤ በአንዱ ወገን ገደል ነው፤ ፀሐይም ለመጥለቅ የቀራት ሁለት ሰዓት ያህል ብቻ ነበር። የፊት ጎማ በእንዲህ ያለ ቦታ ቢከዳ የሚከተለውን መናገር አያስፈልግም። እኛ ደግሞ በውጭ አገር የዶክትሬት ጥናታችንን ስንሠራ ዓመታት ያሳለፍነው የንዝረት ምልክቶችን በመመርመር ነው። ያም ሆኖ በዚያች ቅጽበት አንድም ነገር ሳንለካ ፈርደን ነበር።

ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ጽሑፍ የምናቀርበው ያ ድምፅ ምን እንደነበረና እንዴት እንደተገኘ ነው። መኪና ያላችሁም ሆነ የሌላችሁ፣ ዘዴው ለማንኛውም የላቦራቶሪ ሥራ እንደሚጠቅማችሁ እናምናለን።

የመጀመሪያው ጥያቄ፦ ከምን ጋር ይለወጣል?

በመኪና ውስጥ በተለያየ ፍጥነት የሚንቀሳቀሱ ብዙ ነገሮች አሉ። ሞተሩ በራሱ ፍጥነት ይሽከረከራል። ጎማዎቹ መኪናው በሚጓዝበት ፍጥነት ልክ ይዞራሉ። መሪው የሚንቀሳቀሰው ሾፌሩ ሲያዞረው ብቻ ነው። ባሌስትራውና አሞርዛተሩ የሚሠሩት መንገዱ ሲያነጥር ነው። ስለዚህ አንድን እንግዳ ድምፅ «ምንድን ነህ?» ብሎ ከመጠየቅ በፊት «የምትከተለው ማንን ነው?» ብሎ መጠየቅ ይቀድማል።

ሾፌራችን ያደረጉት ይህንኑ ነበር። ከተማሪዎቹ አንዷን ማስታወሻ እንድትይዝ ጠየቁና ተሽከርካሪ በማይበዛበት ቀጥ ያለ ሜዳ ላይ መኪናውን በዝግታ አንቀሳቀሱ። በመጀመሪያ የመኪናውን ፍጥነት ሳይለውጡ ማርሹን ከአራተኛ ወደ ሦስተኛ ቀየሩ። ሞተሩ ይበልጥ ጮኸ፤ መሪው ትንሽ ወደ ግራ ሲዘነብል የሚሰማው የታፈነ ድምፅ ግን ቅጥነቱን አልለወጠም። ሞተሩ በዚህ ነፃ ወጣ። ቀጥለው ፍጥነቱን ከ60 ወደ 30 ኪሎ ሜትር አወረዱ። ድምፁ አብሮ ወፈረ። እንግዲያው ድምፁ የሚከተለው ከጎማ ጋር የሚሽከረከርን ነገር ነው ማለት ነው።

በሦስተኛ ደረጃ ከአስፋልቱ ወርደው በጠጠሩ ጠርዝ ላይ ነዱ። የጠጠሩ ድምፅ ተጨመረ እንጂ የመጀመሪያው ድምፅ አልተለወጠም። ጎማ የሚጮኸው ጥርሱ ከመንገዱ ጋር ሲማታ ነውና መንገዱ ሲለወጥ ድምፁም ይለወጣል። «ጎማ ቢሆን ኖሮ አስፋልቱን ስንለቅ ይለወጥ ነበር» አሉ ሾፌራችን፣ ወደ እኛ ሳይመለከቱ። የእኛ ፍርድ የወደቀው እዚህ ላይ ነው።

በአራተኛ ደረጃ ፍሬኑን ለስለስ አድርገው ረገጡ፤ ለውጥ የለም። በመጨረሻም መኪናውን አቁመው መሪውን ከዳር እስከ ዳር አዞሩ፤ ጸጥታ። የተማሪዋ ማስታወሻ በአምስት መስመር ብቻ ሞተሩን፣ ጎማውን፣ ፍሬኑንና የመሪውን መገጣጠሚያዎች ከተጠርጣሪዎች ዝርዝር አወጣቸው። በእያንዳንዱ ሙከራ የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ እንደነበረ ልብ ይሏል። ሁለት ነገሮችን በአንድ ጊዜ ለውጠው ቢሆን ኖሮ ውጤቱ ምንም ባልነገረን ነበር።

ኩርባ ላይ ክብደት ይሸጋገራል

ከጎማ ጋር የሚሽከረከር ነገር ከሆነ ታዲያ በግራ ኩርባ ላይ ብቻ የሚጮኸው ለምንድን ነው? መልሱ በአንደኛ ዓመት ሜካኒክስ ውስጥ ይገኛል።

መኪና ሲታጠፍ ወደ ኩርባው መሃል የሚገፋው ኃይል የሚመነጨው ከመንገዱና ከጎማው ሰበቃ ነው። ይህ ኃይል የሚሠራው መሬት ላይ ነው፤ የመኪናው የክብደት ማዕከል ግን ከመሬት ከፍ ብሎ ይገኛል። በዚህ ልዩነት ምክንያት መኪናው ወደ ኩርባው ውጭ ያዘነብላል፤ ክብደቱም ከውስጠኞቹ ጎማዎች ወደ ውጭዎቹ ይሸጋገራል።

በቁጥር እንመልከተው። የመኪናችን ክብደት ከነጭነቱ 2000 ኪሎ ግራም፣ ፍጥነቱ በሰዓት 54 ኪሎ ሜትር ማለትም በሴኮንድ 15 ሜትር፣ የኩርባው ሬዲየስ 90 ሜትር ነው እንበል። የፍጥነቱን ስኩዌር ለሬዲየሱ ስናካፍል ወደ ማዕከል የሚስበው አክስለሬሽን 2.5 ሜትር በሴኮንድ ስኩዌር ይሆናል። ስለዚህ የጎን ኃይሉ 5000 ኒውተን ነው። የክብደት ማዕከሉ ከመሬት 0.7 ሜትር ከፍ ቢል፣ በግራና በቀኝ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት ደግሞ 1.5 ሜትር ቢሆን፣ የሚሸጋገረው ክብደት 5000 በ0.7 ተባዝቶ ለ1.5 ሲካፈል 2330 ኒውተን ገደማ ይሆናል።

መኪናው ቀጥ ብሎ ሲሄድ እያንዳንዱ ወገን 9800 ኒውተን ይሸከም ነበር። ወደ ግራ ሲታጠፍ ግን የቀኙ ወገን ወደ 12130 ከፍ ይላል፤ የግራው ወደ 7470 ዝቅ ይላል። የውጭው ወገን ከውስጠኛው በ60 በመቶ የበለጠ ይሸከማል ማለት ነው። ከዚህም በላይ የጎን ኃይሉ የጎማውን የታችኛ ጠርዝ ይዞ እምብርቱን ሊጠመዝዘው ይሞክራል። ይህን ሁሉ የሚቀበለው በጎማው እምብርት ውስጥ የተቀመጠው ኩሽኔታ ነው።

አንባቢያን ኩሽኔታን ታውቁታላችሁ፤ የሰፈር ልጆች ከእንጨት ለሚሠሩት መኪና እግር የሚያደርጉት ያው የብረት ቀለበት ነው። በሁለት ቀለበቶች መካከል ኳሶች ወይም ሾጣጣ የብረት በርሜሎች ተደርድረው ይሽከረከራሉ። የውጭው ቀለበት ገጽ ላይ አንድ ቁስል ቢኖር፣ እያንዳንዱ በርሜል በላዩ ሲያልፍ አንድ ጊዜ «ጠቅ» ያደርጋል። የጎማው ሬዲየስ 0.35 ሜትር ከሆነ ዙሪያው 2.2 ሜትር ነው፤ በሴኮንድ 15 ሜትር ስንጓዝ ጎማው በሴኮንድ 6.8 ጊዜ ይዞራል። በኩሽኔታው ውስጥ 18 በርሜሎች አሉ እንበል። በመሐንዲሶች ዘንድ በተለመደው ግምት መሠረት የምቱ ብዛት የበርሜሎቹ ቁጥር በጎማው ዙር ተባዝቶ ከሚገኘው 0.4 እጅ ያህል ነው። ይህም በሴኮንድ 49 ምት ይሆናል። የሰው ጆሮ በሴኮንድ ከ20 ምት ጀምሮ ይሰማልና፣ እነዚህን ምቶች ነጥሎ ሳይሆን እንደ አንድ ወፍራም «ውውውው» ይቀበላቸዋል። ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ ምቱም በግማሽ ይቀንሳል። ሾፌራችን በጆሯቸው ያገኙት ውጤት ይኸው ነው።

በግራ ኩርባ ላይ የቀኙ ኩሽኔታ ሲጫን ቁስሉ ይጮኻል፤ በቀኝ ኩርባ ላይ ሸክሙ ሲቀልለት ዝም ይላል። እንግዲህ የተጠረጠረው የቀኝ የፊት ጎማ ኩሽኔታ ሆነ። ግን ይህ ጥርጣሬ እንጂ ፍርድ አልነበረም። እንደ ኩሽኔታው አሠራርና እንደ ቁስሉ ቦታ ተቃራኒው ሊያጋጥም ይችላልና ሌላ ማስረጃ ያስፈልግ ነበር።

ያልዞረ ዘንግ አይጮኽም

በእርጋታ እየነዳን በመንገድ ዳር ወደሚገኝ አንድ ጋራዥ ደረስን። ያገኘነው ወጣት መካኒክ ሲታጠፍ የሚጮኽ መሆኑን እንደ ሰማ፣ «የፊት ዘንጉ መገጣጠሚያ ነው፤ መቀየር አለበት፤ ዕቃው ደግሞ ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው» አለን። ግምቱ ከባዶ የመነጨ አልነበረም። ብዙ መኪኖች ሲታጠፉ የሚጮኹት በዚህ ምክንያት ነውና መገጣጠሚያው ምን እንደሚሠራ ማወቅ ይጠቅማል።

የፊት ጎማ በሞተር ኃይል የሚዞር ከሆነ አንድ ችግር ይገጥመዋል። ኃይሉን የሚያመጣው ዘንግ ቀጥ ያለ ነው፤ ጎማው ግን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይታጠፋል። መካኒኮች ክሮቸራ የሚሉት የመስቀል ቅርጽ ያለው መገጣጠሚያ ዘንግን አጥፎ ማዞር ይችላል። ስሙ ከ16ኛው ክፍለ ዘመኑ ኢጣሊያዊ ሊቅ ከጂሮላሞ ካርዳኖ ጋር ይያያዛል። ነገር ግን እኩል አያዞርም። መታጠፊያው 30 ዲግሪ ቢሆን፣ የመጀመሪያው ዘንግ በአንድ ወጥ ፍጥነት ሲዞር፣ ሁለተኛው በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ወደ 0.87 እጅ ይዘገያል፤ ሁለት ጊዜም ወደ 1.15 እጅ ይፈጥናል። ጎማው በዚህ ዓይነት ቢዞር መሪው በሾፌሩ እጅ ውስጥ ይንቀጠቀጥ ነበር። አልፍሬድ ዜፓ የተባለው መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ባወጣው ንድፍ ስድስት የብረት ኳሶችን በጎድጓዳ መስመሮች ውስጥ አስቀምጦ ይህን ችግር ፈታው። ኳሶቹ ሁልጊዜ የሁለቱን ዘንጎች ማዕዘን እኩል በሚከፍለው ጠለል ላይ ስለሚቀመጡ የሁለቱም ፍጥነት እኩል ይሆናል።

ይህ መገጣጠሚያ የላስቲክ ሽፋኑ ተቀድዶ አሸዋ ሲገባበትና መስመሮቹ ሲበሉ፣ መሪው በጣም ታጥፎ ቤንዚን ሲሰጠው «ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ» ይላል። የእኛ መኪና ድምፅ ግን ወፍራምና ተከታታይ ነበር፤ የሚሰማውም ለዘብ ባለ ኩርባ ላይ ነው። ሾፌራችን ከዚህም የጠነከረ ማስረጃ ነበራቸው። ወጣቱን መካኒክ እጁን ይዘው ወደ ፊት ጎማው ወሰዱትና በእምብርቱ ላይ ያለችውን በእጅ የምትዞር መቆለፊያ አሳዩት። መቆለፊያዋ ተፈትታለች። በእንዲህ ያለ ፒካፕ ላይ መቆለፊያው ሲፈታ ጎማው ከዘንጉ ይለያል፤ ጎማው በኩሽኔታው ላይ ብቻውን ሲዞር የፊት ዘንግና መገጣጠሚያው ቆመው ይቀራሉ። «ልጄ፣ ይኼ ዘንግ ከጠዋት ጀምሮ አልዞረም። ያልዞረ ነገር እንዴት ይጮኻል?» አሉት። ወጣቱ ፈገግ አለና ክሪኩን አመጣ።

በሣይንስ ቋንቋ ይህ መላ ምትን የሚጥል ሙከራ ይባላል። አንድን ግምት የሚደግፉ አሥር ምልክቶች ከመሰብሰብ ይልቅ፣ ግምቱ ስሕተት ቢሆን ሊያጋልጠው የሚችለውን አንድ ምልክት መፈለግ የበለጠ ዋጋ አለው። እዚያ ጋራዥ ውስጥ ያልተበላሸ ዕቃ ከመቀየር ያዳነችን ያቺ መቆለፊያ ናት።

እንደ ማሲንቆ የሚጮኹ መገጣጠሚያዎች

ከእኛ ታሪክ ወጣ ብለን፣ አንባቢያን ሊያጋጥማችሁ የሚችሉ ሌሎች ድምፆችን በአጭሩ እንጥቀስ።

መኪናው ቆሞ መሪው ሲዞር የሚያቃስት ከሆነ፣ ተጠርጣሪዎቹ ግራሶ ያለቀባቸው የመሪ መገጣጠሚያዎች ናቸው፤ መካኒኮች ቴስቲና የሚሏቸው በፒካፕ ላይ፣ ኪንግ ፒን ደግሞ በትላልቅ የጭነት መኪኖች ላይ። የዚህ ድምፅ ፊዚክስ ከማሲንቆ ጋር አንድ ነው። የማሲንቆው ደጋን ጭራ ክሩን ይዞ ይጎትተዋል፤ ውጥረቱ ከሰበቃው ሲበልጥ ክሩ ያመልጣል፤ ወዲያው ደግሞ ይያዛል። በሴኮንድ ብዙ መቶ ጊዜ የሚደጋገመው ይህ መያዝና ማምለጥ ነው ዜማ የሚሆነው። የደረቀ መገጣጠሚያም እንዲሁ እየተያዘና እያመለጠ ያቃስታል። ልዩነቱ የማሲንቆው መደሰቻ፣ የመገጣጠሚያው ደግሞ ማስጠንቀቂያ መሆኑ ነው።

መሪው እስከ መጨረሻው ዳር ሲዞር ብቻ የሚሰማ ጩኸት ብዙውን ጊዜ ከመሪ ዘይት ፓምፕ የሚመጣ ነው። ግፊቱ ጣሪያው ላይ ደርሶ ዘይቱ በማስተንፈሻው በኩል ሲያመልጥ ይጮኻል፤ መሪውን እዚያ ይዞ መቆየት ግን ፓምፑን ያሞቀዋል። ከመንገድ ጉድጓድ ጋር አብሮ የሚመጣ «ዷ» የሚል ድምፅ የላላ ቡሎን ወይም የተበላ ጎሚኒ ምልክት ሊሆን ይችላል።

አራቱም ጎማዎች በኃይል እንዲዞሩ ተደርጎ በደረቅ አስፋልት ላይ ሲታጠፉ መኪናው ቢያጉረመርምና ቢንገታገት ደግሞ ብልሽት ላይሆን ይችላል። በኩርባ ላይ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የሰፋ ክብ ስለሚጓዙ የበለጠ መዞር አለባቸው። የፊትና የኋላው ኃይል ማከፋፈያ አንድ ላይ ከተቆለፈ ይህ ልዩነት መውጫ አጥቶ ዘንጎቹን እንደ ገመድ ያከራቸዋል። በአሸዋና በጭቃ ላይ ጎማው ተንሸራትቶ ውጥረቱን ይለቃል፤ በአስፋልት ላይ ግን አይለቅም። መድኃኒቱ ለአስፋልት ጉዞ ወደ ሁለት ጎማ መመለስ ነው።

ክሪክ፣ ታኮና የብረት ዘንግ

ወደ ጋራዡ እንመለስ። ወጣቱ መካኒክ ከኋላ ጎማዎች ሥር ታኮ አስገባ፤ የቀኙን የፊት ጎማ በክሪክ አነሣ፤ ክሪኩ ቢከዳ መኪናው የሚያርፍበት ወፍራም ግንድ ከሻንሲው ሥር አስቀመጠ። ይህን ቅደም ተከተል የምንጠቅሰው በምክንያት ነው። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር መግባት ሕይወትን ለአንዲት የዘይት ጎሚኒ አደራ መስጠት ነው።

ከዚያም ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ ነቀነቀው። ትንሽ ግን ግልጽ የሆነ መላላት ታየ። ከግራና ከቀኝ ይዞ ሲነቀንቀው ያው መላላት ተሰማ። በጎን ብቻ የሚላላ ቢሆን ኖሮ ጥርጣሬው ወደ ቴስቲናው ይሄድ ነበር። ከላይ ወደ ታች የሚላላው ግን ወይ ኩሽኔታው ነው፣ ወይ ጎማውን ተሸካሚ የሆነው መገጣጠሚያ ነው። ሁለቱን ለመለየት ሾፌራችን ጋቢና ውስጥ ገብተው ፍሬን ረገጡ። መላላቱ ጠፋ። ፍሬን ሲረገጥ የሚዞረውና የማይዞረው ክፍል እንደ አንድ አካል ይጣበቃሉ፤ በመካከላቸው ያለው ኩሽኔታም ከጨዋታ ይወጣል። መላላቱ አብሮ ከጠፋ ምንጩ ኩሽኔታው ነበር ማለት ነው።

የመጨረሻው ምስክር አንድ ክንድ የሚያህል የብረት ዘንግ ነበር። ሾፌራችን የዘንጉን አንድ ጫፍ ከጎማው ጀርባ በማይዞረው ክፍል ላይ አስደግፈው ሌላውን ጫፍ ከጆሯቸው ፊት ለፊት ባለው አጥንት ላይ አደረጉና፣ ተማሪዎቹ ጎማውን በእጃቸው እንዲያዞሩ አዘዙ። ከዚያ እያንዳንዳችን በተራ አዳመጥን። በሩቅ የሚፈጭ ወፍጮ የሚመስል ሻካራ ድምፅ ነበር። የግራውን ጎማ አንሥተን በተመሳሳይ መንገድ ስናዳምጥ የተሰማን ለስላሳ እስትንፋስ ብቻ ነው። ጤነኛውን ሳይሰሙ የታመመውን መለየት አይቻልምና ይህ ንጽጽር የግድ ነበር።

ያለ ዘንጉ ምንም የማይሰማው ለምንድን ነው? ድምፅ ከብረት ወደ አየር በቀላሉ አይሻገርም። ብረት ለድምፅ ማዕበል ያለው ተቃውሞ ከአየሩ ከ100,000 ጊዜ በላይ ስለሚበልጥ፣ በብረት ውስጥ እየተጓዘ ቀጥ ብሎ ወደ አየር ከደረሰው የድምፅ ኃይል የሚሻገረው ከ100,000 ውስጥ 4 እጅ ያህል ብቻ ነው፤ የቀረው ወደ ብረቱ ይመለሳል። ዘንጉ ድምፁን በአየር ሳያሳልፍ ከብረት ወደ አጥንት ያደርሰዋል። ፈረንሳዊው ሐኪም ሬኔ ላኔክ እ.ኤ.አ. በ1816 በፓሪስ የመጀመሪያውን የሐኪም ማዳመጫ ሲፈጥር የተነሣው የታካሚን ደረት በግልጽ ለመስማት ካለው ችግር ነው። የእኛ አገር መካኒኮችም በካቻቢቴያቸው የሚያደርጉት ከዚያ የተለየ አይደለም።

ውሃው እንዴት ገባ?

ዳዶው ተፈትቶ እምብርቱ ሲወጣ በውስጡ ያገኘነው ግራሶ የማኪያቶ መልክ ነበረው። ግራሶና ውሃ ሲቀላቀሉ እንዲህ ይሆናሉ። በርሜሎቹ ዝገው ነበር፤ የውጭው ቀለበት ገጽ በአንድ ወገን የፈንጣጣ ጠባሳ በሚመስሉ ትናንሽ ጉድጓዶች ተበልቷል። ተማሪዎቹ ዝም ብለው ተመለከቱ። ይህ ኩሽኔታ ያን ሁሉ ኩርባ ይዞን ሊወጣ ነበር። የተበላ ኩሽኔታ ሰበቃው እየጨመረ ይሞቃል፤ ግራሶው ይቀልጣል፤ በመጨረሻ ወይ ይነክሳል፣ ወይ ተሰባብሮ ጎማውን ይለቃል።

ውሃው ከየት መጣ? ሾፌራችን ወዲያው አስታወሱ። ከአንድ ወር በፊት በጥቅምት በዚሁ መኪና ከጣርማበር ወርደን፣ ሳናርፍ ከዋናው መንገድ ተገንጥለን፣ ድልድይ የሌለው ወንዝ ተሻግረን ነበር። ውሃው የጎማውን እምብርት ሸፍኖት ነበር።

ሒሳቡን እንሥራ። 2000 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና 1800 ሜትር ሲወርድ የሚያጣው የከፍታ ኢነርጂ 35 ሚሊዮን ጁል ገደማ ነው። ይህ 105 ሊትር ያህል ውሃን ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አንሥቶ ወደ 100 ያደርሳል። ሞተሩና አየሩ ብዙውን ቢይዙትም ከፊሉ በፍሬኑ በኩል ሙቀት ሆኖ ወደ ጎማው እምብርት ይገባል። እምብርቱ 80 ዲግሪ ደርሶ ነበር፤ ወንዙ ውስጥ ሲገባ በድንገት ወደ 25 ዲግሪ ወረደ እንበል። በኬልቪን ስንቆጥር ከ353 ወደ 298 ማለት ነው። በተዘጋ ቦታ ያለ አየር ግፊቱ ከዚህ ጋር በቀጥታ ስለሚቀንስ 16 በመቶ ገደማ ይጎድላል። ያኔ እምብርቱ እንደ ሲሪንጅ ይስባል፤ ያረጀው ጎሚኒም ውሃውን ያሳልፋል። መኪናው ከወንዙ በወጣበት ቀን ምንም ድምፅ አልነበረም። ዝገቱ ሥራውን የሠራው በአራቱ ሳምንታት ውስጥ ነው።

ስለዚህ ከረጅም ቁልቁለት በኋላ ወንዝ ከመሻገር በፊት ለተወሰነ ጊዜ ቆሞ ማቀዝቀዝ፣ ከተሻገሩም በኋላ ግራሶውን ማስመርመር ይገባል። ሾፌራችን ያን ዕለት ለማረፍ ጠይቀው እንደነበርና «ጊዜ የለንም» ያልናቸው እኛ እንደሆንን ሳንደብቅ እንጽፋለን።

ጭነትና የኩሽኔታ ዕድሜ

በመንገዶቻችን ላይ ለሚመላለሱ የጭነት መኪኖች አንድ ተጨማሪ ሕግ መጥቀስ ይገባናል። ጉስታፍ ሉንድበርግና አርቪድ ፓልምግሬን የተባሉ ስዊድናውያን እ.ኤ.አ. በ1947 ባሳተሙት ጥናት መሠረት፣ የኩሽኔታ ዕድሜ ከሸክሙ ጋር በተገላቢጦሽ ይቀንሳል፤ የሚቀንሰውም በእኩል መጠን አይደለም። በርሜል ላላቸው ኩሽኔታዎች ሸክሙ በ10/3 ፓወር ይቆጠራል። ሸክሙ እጥፍ ቢሆን ዕድሜው በግማሽ ሳይሆን ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። ጭነቱ በ20 በመቶ ብቻ ቢያልፍ እንኳ ዕድሜው ወደ 54 በመቶ ይቀንሳል። «ጥቂት ኩንታል ብትጨመር ምን አለበት?» ለሚለው የተለመደ ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው።

ያን ሌሊት እዚያው አደርን። በማግስቱ አዲስ ኩሽኔታና ጎሚኒ ተገኝቶ ተገጠመ። ዳዶው ከመጠን በላይ ከጠበቀ ኩሽኔታው እንደሚግል፣ ከላላም እንደሚነቃነቅ ወጣቱ መካኒክ ለተማሪዎቹ እያስረዳ አጠበቀው። ከዚያ ጣርማበርን ወጣን። በእያንዳንዱ የግራ ኩርባ ላይ አምስታችንም ዝም ብለን እናዳምጥ ነበር። የተሰማን የሞተሩ ድምፅ ብቻ ነው።

ሾፌራችን ዛሬ ጡረታ ወጥተዋል። ያ የተበላ ኩሽኔታ ግን በላቦራቶሪያችን ጠረጴዛ ላይ ከአንድ ጤነኛ ኩሽኔታ ጎን ተቀምጧል። አዲስ ተማሪዎች በመጀመሪያው ዕለት ሲመጡ ዐይናቸውን ጨፍነው ሁለቱንም በጣታቸው እንዲያዞሩ እናደርጋለን። ቀጥሎ በሚሰጣቸው ወረቀት ላይ የሰፈሩት ጥያቄዎች ሁለት ብቻ ናቸው፤ «ከምን ጋር ይለወጣል? ከምን ጋርስ አይለወጥም?» መልስ የሚሰጥ ተማሪ ቸኩሎ ወደ እኛ ሲመለከት፣ እኛም እንደዚያ ቀን «ገና በደንብ አልሰማነውም» እንለዋለን።